ከአንኮበር እስከ ጣርማ በር፦ ያረጀ መጓጓዣ ሲተካ የከተማ ዕጣ

ከተማና መንገድ አብረው ይወለዳሉ፤ አብረው ግን ሁልጊዜ አያረጁም። ከተማው ገና ጐልማሳ ሳለ መንገዱ ያረጀበት፣ ወይም መንገዱ ሌላ አቅጣጫ ይዞ ከተማው በቦታው የቀረበት ጊዜ በየአገሩ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። እንዲህ ባለው ጊዜ በአስተዳዳሪዎችም፣ በባለሙያዎችም፣ በነዋሪዎችም ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም አሮጌው መጓጓዣ ይጠገን፣ ይተካ፣ ወይስ ይተው የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ እምብርት ላይ ዛሬ ጐልቶ ይሰማል። በ1922 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1929) የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ ባቡር ከማስተናገድ ከተቋረጠ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውም የከተማ ቀላል ባቡር ዕድሜው ገና ሳይገፋ፣ በመለዋወጫ እጥረት ምክንያት ከ41 ተሽከርካሪዎቹ ብዙዎቹ የቆሙበት ጊዜ አሳልፏል። ስለ ሁለቱም ብዙ ተብሏል። ይሁን እንጂ ክርክሩ በአመዛኙ በመሣሪያው ዕድሜና በጥገናው ወጪ ዙሪያ ይወሰናል። መጓጓዣው ሲዛወር ከተማው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በኋላ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ይመጣል።

ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ ከሰሜን ሸዋ የተሻለ መምህር በቀላሉ አይገኝም። በዚያ ምድር ላይ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ዋናው መንገድ ከአንድ ጊዜ በላይ ቦታውን ለውጧል። መንገዱ በተዛወረ ቊጥርም አንድ ከተማ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ሌላውም ወደ ፊት ወጥቷል።

የአንኮበር በር

አንኮበር የሚለው ስም በአገሬው ትውፊት «የአንኮ በር» ማለት እንደ ሆነ ይነገራል። የስሙ አመጣጥ እንዴትም ቢሆን፣ በር መባሉ ለቦታው የሚገባ ነው። ከተማው የተቈረቈረው የደጋው ምድር በድንገት ተቈርጦ ወደ አዋሽ ቆላ በሚወርድበት ገደል ጫፍ ላይ ነው። በ18ኛው ምእተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ቦታውን መቀመጫቸው ካደረጉት ወዲህ፣ የሸዋ ገዦች ከዚያ ከፍታ ላይ ሆነው ወደ ባሕር የሚወስደውን መንገድ ይጠብቁ ነበር። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ በአንጎለላና በደብረ ብርሃንም እየተዘዋወሩ ይቀመጡ ነበር፤ ቢሆንም የመንግሥታቸው የውጭ በር አንኮበር ነበረች።

የዚያን ዘመን መጓጓዣ ዛሬ በሚታወቀው ቋንቋ «ሥርዓት» ብሎ መጥራት ማጋነን አይሆንም። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ የተነሣው የግመል ጭነት የአፋርን ምድር አቋርጦ ወደ ይፋት ግርጌ ይደርሳል። ግመል ግን የደጋውን ዳገትና ብርድ አይችልም። ስለዚህ ፋሬ በምትባለው የጠረፍ መንደር ጭነቱ ከግመል ይወርድና በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል። በመካከሉ የዓልዩ አምባ ገበያ አለ። ከአሳል ሐይቅ የመጣው ጨው፣ ከህንድ የመጣው ጨርቅ፣ ከደቡብና ከምዕራብ የመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በዚያ ይገናኙ ነበር። በዚያው መንገድ ላይ፣ በአብዱል ረሱል ገበያ፣ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። የመንገዱ ታሪክ የሀብት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የመከራም ታሪክ ነውና።

ይህ ሁሉ ያለ አስተዳደር አልሄደም። የይፋት ጠረፍ ጠባቂ የነበሩት ወላስማ መሐመድ አቦጋዝ ገቢና ወጪውን ይቈጣጠሩ ነበር። በዓልዩ አምባ ከሐረር የመጡ ነጋዴዎች ይኖሩ ነበር፤ የሐረርም አሚር የራሱን ተጠሪ በዚያ ያስቀምጥ ነበር። በ1833 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1841) ከቦምቤይ መንግሥት የተላከው ካፒቴን ኮርንዎሊስ ሐሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሲገባ በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። ጓዙን ከግመል አውርደው ወደ ደጋው ያወጡለትም በመቶ የሚቈጠሩ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ንጉሡ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር፣ በ1835 ዓ.ም. ደግሞ በሮሼ ደሪኩር አማካይነት ከፈረንሳዮች ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። ሁለቱ ታላላቅ መንግሥታት ወደ አንዲት የተራራ ከተማ መልእክተኛ የላኩት ከተማዋ ሰፊ ስለ ነበረች አይደለም፤ በሩ በእጅዋ ስለ ነበረ ነው።

የከተማዋ ጥቅም የተመሠረተው በመንገዱ ርዝመት ላይ ሳይሆን ጭነቱ ከአንዱ መጓጓዣ ወደ ሌላው በሚዛወርበት ነጥብ ላይ ነበር። ግመል በሚቆምበትና በቅሎ በሚነሣበት ስፍራ ሁሉ ጠባቂ፣ ቀራጭ፣ ጫኝ፣ አስተርጓሚ፣ ምግብ ሻጭና አሳዳሪ ይፈለጋል። የዓልዩ አምባና የአንኮበር ኑሮ የቆመው በዚህ መዛወር ላይ ነበር።

የመንገዱ መዞር

ዳግማዊ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1865) ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ አንኮበር ገና ዋና በር ነበረች። በ1869 ዓ.ም. ገደማ የኢጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች በማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ መሪነት መጥተው በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለው ስፍራ መሬት ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ካውንት ፒየትሮ አንቶኔሊም በ1875 ዓ.ም. ከአሰብ ተነሥቶ በአውሳ በኩል ሸዋ ደረሰ። ለአንድ ባለሙያ ይህ ሁሉ የመንገዱ ተፈላጊነት ገና እየጨመረ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ይመስለው ነበር።

ነገር ግን የመንገዱ ዕጣ በሌላ አቅጣጫ ይወሰን ነበር። የንጉሡ ግዛት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየሰፋ ሲሄድ መቀመጫቸውም ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም በ1879 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ወረደ። በዚያው በ1879 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጨረሻ በጨለንቆ ጦርነት ድል ተደርጎ ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች። ከዚህ በኋላ ከባሕር ወደ ሸዋ መሀል የሚመጣው ነጋዴ በአፋር በረሃ አልፎ የይፋትን ገደል እንዲወጣ የሚያስገድደው ምክንያት አልነበረም። በሐረርና በጨርጨር ደጋ በኩል ውኃና ሣር ያለበት፣ በአንድ መንግሥት ጥበቃ ሥር የሆነ ሌላ መንገድ ተከፈተለት።

የዚህን ለውጥ ትርጉም አንድ ሰው ባደረገው ጉዞ ውስጥ ማየት ይቻላል። በግጥሙ የታወቀው፣ በኋላም ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ የጠመንጃ ጭነት ይዞ በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከታጁራ ተነሣ። አራት ወር ያህል በመንገድ ላይ ቆይቶ በጥር መጨረሻ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ አልነበሩም፤ ሂሳቡን ለመጨረስ ወደ እንጦጦ መሄድ ግድ ሆነበት። ሲመለስ ግን በመጣበት አልተመለሰም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ ከእንጦጦ ተነሥቶ ከአገሩ ሰው ከዡል ቦሬሊ ጋር በጨርጨር በኩል ወደ ሐረር ወረደ፤ ጉዞውም የፈጀው ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። በአሮጌው መንገድ ገባ፣ በአዲሱ መንገድ ወጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ነጋዴ ጉዞ፣ የአንኮበር በር መተካቱ ታየ።

አንኮበር በአንድ ቀን አልተዘጋችም። ጨው መውረዱ አልቀረም፤ የዓልዩ አምባም ገበያ አልተበተነም። ነገር ግን «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፣ ነጋዴው በየዓመቱ እየሳሳ ሄደ። በታሪኩ ውስጥ በተለይ የሚያስተዛዝነው አንኮበር መተዋ አይደለም፤ መንግሥት የሰፋበት፣ መቀመጫውም የተዛወረበት ምክንያት በቂ ነበርና። የሚያስተዛዝነው አሮጌውን መንገድ ስለ መተው የታወጀ ውሳኔ፣ የተደረገም ምክር የሚባል ነገር አለመታወቁ ነው። ስለ አዲሱ መንገድ ብዙ ታሰበ፤ የአሮጌው መንገድ ጫኞች፣ አሳዳሪዎችና ገበያተኞች ወዴት እንደሚሄዱ ግን የማንም ጉዳይ አልነበረም።

ስለ ምድር ባቡሩ የተደረገው ክርክር

የምድር ባቡሩ ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ብዙ አከራክሯልና። በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ሦስት ክፍል ነበረው፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. በጅቡቲ ተጀመረ። መሐንዲሶቹ ግን ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራሮች ማውጣት እጅግ ውድ እንደሚሆን ስለ ተረዱ መስመሩን በግርጌው አሳለፉት። በ1895 ዓ.ም. መጀመሪያ ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቈረቈረች። አንኮበር ላይ የደረሰው በሐረርም ላይ ደረሰ፤ በሩ ከተራራው ከተማ ወደ ሜዳው ከተማ ወረደ።

ከድሬዳዋ ወዲያ ሥራው ለዓመታት ቆመ። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው የገንዘብ ድጎማ ሰጥቶ በምትኩ በመስመሩ ላይ የመቈጣጠር ሥልጣን ማግኘቱ ሲታወቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በግዛታቸው ውስጥ የውጭ መንግሥት ሐዲድ እንዲዘረጋ አልፈቀዱም። እንግሊዝና ኢጣልያም የየራሳቸውን ጥቅም ይዘው ገቡ። ጉዳዩ የተቃለለው በ1899 ዓ.ም. ሦስቱ መንግሥታት ከተዋዋሉና በ1900 ዓ.ም. ለአዲስ ኩባንያ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1917) ነበር። መስመሩም በአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው።

መዘግየቱ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። ቢሆንም ክርክሩ ከንቱ አልነበረም፤ ሐዲዱ የማን ነው፣ ማን ያዝበታል፣ ገቢው ለማን ይሆናል የሚሉት ጥያቄዎች ከሥራው በፊት ተነሥተዋልና። ያልተነሣው ጥያቄ አሁንም ስለ አሮጌው መንገድ ነበር። ባቡሩ በአዋሽ በኩል፣ ከአንኮበር በስተ ደቡብ ርቆ ሲያልፍ፣ ለሳምንታት ይካሄድ የነበረው የሲራራ ጉዞ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የይፋት ገደል ለውጭ ንግድ በር መሆኑ አበቃ።

ጣርማ በርና ደብረ ብርሃን

ሰሜን ሸዋ ሁለተኛውን በሩን ያገኘው በመኪና ዘመን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው የመኪና መንገድ ከኢጣልያ ወረራ በፊት በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ተጠርጎ ነበር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሠው የባዶሊዮ የመኪና ሠራዊት በጣርማ በር ዳገት ላይ በዝናቡና በተበላሸው መንገድ ተይዞ መዘግየቱ ይታወቃል። ወራሪው ከዚያ በኋላ ተራራውን አስፈልፍሎ ከ500 ሜትር በላይ ርዝመት ያለውን ዋሻ አሠራ። ሕዝቡ ዋሻውን እስከ ዛሬ «ሙሶሎኒ» ይለዋል። ለጦር የታሰበው መንገድ ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የሰሜኑን ክፍል ከመዲናው ጋር የሚያገናኝ ዋና ሥር ሆነ።

ይህ መንገድ አንኮበርን ወደ ጎን ትቷት አለፈ። ከዋናው መንገድ ወደ አንኮበር ለመድረስ ከደብረ ብርሃን ተገንጥሎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። በአንጻሩ በ15ኛው ምእተ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቈረቈረችው፣ ከዚያም ለረጅም ዘመን ስሟ ደብዝዞ የኖረው ደብረ ብርሃን፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ በመንገዱ ላይ ተገኘች። በ1957 ዓ.ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ተከፈተ፤ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዋ ተመሠረተ፤ የሰሜን ሸዋም አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። አንድ ጊዜ የአንኮበር ታናሽ እኅት የነበረችው ከተማ ታላቋን ተካች።

የደብረ ብርሃን ዕድገት ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ወደ ደሴ የሚያልፈው ዋና መንገድ የከተማውም ዋና ጎዳና ነው። በአንድ አስፋልት ላይ የረጅም መንገድ ጭነት መኪና፣ የሕዝብ አውቶቡስ፣ የፈረስ ጋሪ፣ ባጃጅና እግረኛ ይገናኛሉ። ጋሪ ያረጀ ነገር ነው ተብሎ በመመሪያ ከመሀል ጎዳና ማስወጣት ይቻላል። ነገር ግን የጋሪው ባለቤት በአንኮበር መንገድ ላይ ግመል ይቆምበት ከነበረው ስፍራ ጭነት የሚቀበለው የባለ በቅሎው ዘመናዊ ወንድም ነው፤ ሸማቹን ከመናኸሪያና ከገበያ ተቀብሎ አውቶቡስ ወደማይደርስበት መንደር ያደርሳል። ጋሪው ሲወገድ ያንን ሥራ የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ የተወገደው ጋሪው ብቻ አይሆንም።

የጣርማ በር ዋሻም ከ80 ዓመት በላይ አገልግሏል። የተሠራው ለዘመኑ መኪና ስለ ሆነ ጠባብ ነው፤ በጭጋግና በዝናብ ወራት ለሹፌሩ አስቸጋሪ ነው። በሌላ በኩል ከአዋሽ ተነሥቶ በምሥራቁ ቆላ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ወልድያ የሚዘረጋው የምድር ባቡር ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሯል። ይህ መስመር የሚሄደው ደጋውን ትቶ፣ ግመሎች ይጓዙበት በነበረው የቆላ ምድር ነው። ይኸውም በር ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያው በሐረርና በድሬዳዋ፣ ሁለተኛው በአንኮበርና በአዋሽ ታይቷልና። ደብረ ብርሃን ፋብሪካዋንና ዩኒቨርሲቲዋን ይዛ የመንገዷን በር ብታጣ አንኮበር የደረሰባት ይደርስባታል ማለት አይደለም። ነገር ግን የአንኮበርን ታሪክ የሚያውቅ ባለሙያ በአዲሱ ሐዲድና በደጋው ከተማ መካከል የሚኖረውን መገናኛ ከወዲሁ ሊያስብበት ይገባል።

ለመዲናው ክርክር

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። አሮጌው ባቡር ለገሃር ድረስ በመግባቱ ጣቢያው የከተማው መሀል ሆነ፤ ሆቴሉ፣ መጋዘኑ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያውና የታክሲው ሥራ በዙሪያው በቀለ። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ክፍል በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ካቆመ በኋላ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ምድር ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ጣቢያው በከተማው ዳርቻ በፉሪ ለቡ ሆነ። ለመሐንዲሱ ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው፤ በሕንፃ በተጨናነቀ ከተማ ውስጥ ሰፊ ሐዲድ ማስገባት ከባድ ነውና። ለመንገደኛው ግን ከጣቢያው እስከ መሀል ከተማ ያለው ጉዞ የመንገዱ ሌላ ምዕራፍ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የለገሃር አካባቢ መልሶ ማልማት ሲታወጅ አሮጌው ጣቢያ በቅርስነት እንዲጠበቅ መታሰቡ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ሕንፃ መጠበቅና በር መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአንኮበርም የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ እስከ ዛሬ አለ።

የቀላል ባቡሩም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሁለቱ መስመሮች በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖራቸው፣ በመሀል ከተማ ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። የተሠራው በ475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ተሽከርካሪው ሲቆም መለዋወጫው ከውጭ መምጣት አለበት፤ መለዋወጫውም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ስለዚህ የመስመሩ እርጅና የዓመታት እርጅና ሳይሆን የጥገና እርጅና ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ስለ ሐዲዱ ባለቤትነትና ቁጥጥር ያነሡት ጥያቄ እዚህ ላይ በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል፦ መሣሪያው በአገር ውስጥ እጅ መጠገን የሚችለው እንዴትና መቼ ነው?

አንዳንዶች መስመሩ የከተማውን ጎዳናዎች ከሁለት ከፍሎ መሻገሪያ አሳጥቷልና ቢነሣ ይሻላል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን መስመር መተው ዕዳውን እንደማያስቀር ያስረዳሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የሰሜን ሸዋ ታሪክ በመካከላቸው ፍርድ ለመስጠት አይበቃም፤ ክርክሩ በምን ቅደም ተከተል መሄድ እንዳለበት ግን ያስተምራል። በመጀመሪያ ደረጃ መጠየቅ የሚገባው መንገደኛውና ጭነቱ ከአንዱ መጓጓዣ ወደ ሌላው የሚዛወሩበት ነጥብ የት እንደ ሆነና በለውጡ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ቀጥሎ በዚያ ነጥብ ላይ ኑሮውን የመሠረተው ሰው ቊጥር ይታወቅ፤ የሚሄድበትም ስፍራ ይታሰብለት። ከዚያ በኋላ አዲሱን መሣሪያ ማን እንደሚጠግነው፣ በማን ገንዘብና በማን ዕውቀት እንደሚጠገን ይወሰን። ስለ ሐዲዱ ስፋት፣ ስለ ተሽከርካሪው ዓይነትና ስለ ጣቢያው ሥዕል የሚደረገው ምክር ከነዚህ ሦስት በኋላ ቢመጣ ሥራውን አያዘገየውም።

በአንኮበር ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነበር። መንገዱ ዞረ፤ ከዚያ ነጋዴው ዞረ፤ ሕዝቡም ለራሱ መላ እንዲፈልግ ተተወ። የዓልዩ አምባ ገበያ የውጭ ንግዱ ካለፈ በኋላም ለአካባቢው ደገኛና ቆለኛ መገናኛ ሆኖ የቀጠለው ማንም ስላሰበለት አይደለም፤ ደጋና ቆላ በአንድ ገደል ላይ እስከ ተዋሰኑ ድረስ መገበያየታቸው ስለማይቀር ነው። ለከተማ እንዲህ ያለ ገደል አልተሰጠውም። የመሀል ከተማን መጓጓዣ የሚያቅዱና የሚወስኑ ሰዎች መዋሰኛውን ራሳቸው መሥራት ይጠበቅባቸዋል፤ ለለገሃርም፣ ለደብረ ብርሃን መናኸሪያም ይህ ሥራ ገና አልተጠናቀቀም።